የማይሰበር ፒን

አሶሳ የተላክሁት ለስድስት ወር ነው ተብዬ ነበር። ደብዳቤው "ለጊዜው" ይላል። ያ ለጊዜው ሦስት ዓመት ከምናምን ፈጀ። ክልሉ ገና መቋቋሙ ስለነበር ቢሮዎቹ ማኅተም እንጂ ወንበር አልነበራቸውም፤ ሰው ቆሞ ነበር የሚፈርመው። የእኛ ቢሮ ጋራዥ ግን አንድ ትልቅ ሀብት ነበረው፦ ካለፈው መንግሥት የተረፈ ቶርኖ፣ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን። ማሽኑ አለ፣ የሚያውቀው ሰው የለም፤ ስለዚህ እኔን ከመሃል አገር አመጡ። የደረስኩ ቀን የጋራዡ ዘበኛ ከኋላዬ አሻግሮ እያየ፣ "ባለሙያው መቼ ነው የሚመጣው?" አለኝ። "መጥቷል፣ እኔ ነኝ" ስለው፣ "አይ እቴ፣ የቶርኖውን ነው የምልሽ" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደከመኝ።

ለነገሩ የሥራ ብዛት ማንን ገደለ? ሰውን የሚያደክመው ያንኑ አንድ ሥራ ደግሞ ደጋግሞ መሥራት ነው። እኔን ያደከመችኝ ፍየሏ ናት።

ፍየሏ ትንሽ ትራክተር ናት። በእርዳታ የመጣች፣ ለጓሮ አትክልት ሥራ የተሠራች፣ ቁመቷ ከደረቴ የማያልፍ። ከፊቷ አፈር የምትገፋበት ሰፊ የብረት ምላጭ አላት። በግንባሯ ስለምትገፋ ሾፌሩ "ፍየሏ" አላት፤ ስሙም ጸናባት። የቢሮው ኃላፊ ሳይቀር ስብሰባ ላይ "ፍየሏ ያለችበትን ሁኔታ በተመለከተ" እያለ ሪፖርት ያቀርብ ነበር። ከነመጽሐፏ ነው የመጣችው፤ መጽሐፉ ግን ማናችንም በማናነበው ቋንቋ የተጻፈ ነው። መለዋወጫ የሚባል ነገር አብሯት አልመጣም። መለዋወጫዋ እኔ ነበርኩ።

የፍየሏን ሥራ ልንገራችሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በባምባሲ መንገድ በኩል፣ ቢሮው የችግኝ ጣቢያ ከፍቶ ነበር። መሬቱ የአንድ የአገሩ ተወላጅ የበርታ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው ከጣቢያው ጎን የማንጎ አትክልት አላቸው፤ አባታቸው ዘሩን ከሱዳን በኩል አምጥተው የተከሉት፣ አንዳንዱ ግንድ ሁለት ሰው ተያይዞ የሚያቅፈው። በዚያ አገር ክረምቱ ሲወጣ ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል። በጋ ሲገባ ይደርቅና እሳት ይጠብቃል። አዳኙ ያቃጥላል፣ ማር ቆራጩ ያቃጥላል፣ ከብት ያለው ለአዲስ ሣር ብሎ ያቃጥላል። ስለዚህ ዛፍ ያለው ሰው ቀደም ብሎ፣ ሣሩ ገና ሳይደርቅ፣ የጠዋቱ ጤዛ ሳይነሣ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ የዛፉን ዙሪያ በስሱ ያቃጥላል። ትልቁ እሳት ሲመጣ የሚበላው ያጣና ይመለሳል። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ቢሮው መጣና፣ "ማቃጠል ኋላ ቀርነት ነው፤ ከእንግዲህ ክልክል ነው። መሬቱን ለችግኝ ይስጡን፣ እኛ የጣቢያውንም የማንጎውንም ዙሪያ በትራክተር ጠርገን እሳት የማያልፈው መንገድ እናወጣልዎታለን" አላቸው። ሰጡ። በዚያ ዓመት ሣሩ ሳይደርቅ የሚያቃጥሉትን ሳያቃጥሉ ቀሩ። እንግዲህ ያ ሁሉ ማንጎ በፍየሏ ላይ፣ ፍየሏም በእኔ ላይ ተንጠለጠለች።

ምላጩን ከፍየሏ አፍንጫ፣ ከፊቷ ወጣ ካለው ብረት ጋር የሚያያይዙት ሁለት ፒኖች ናቸው፤ አውራ ጣት የሚያህሉ፣ ስንዝር የማይሞሉ ብረቶች። በመጀመሪያው ሳምንት አንዱ ኩይሳ ሲመታ ተቆረጠ። የምስጥ ኩይሳ ለማያውቀው ሰው አፈር ይመስላል፤ ሲሚንቶ ነው። ቁራጩን አገላብጬ አየሁት። መሃሉ ላይ ዙሪያውን የተቀረጸ ቀጭን መስመር አለው፤ የተቆረጠውም እዚያው መስመር ላይ ነው። የቅባት መሄጃ መሰለኝ። ወይ ዕውቀት! ቤት መሥሪያ ፌሮ ቆርጬ፣ ቶርኖው ላይ አዙሬ፣ ያለ ምንም መስመር ልስልስ አድርጌ ሠራሁላት።

አንድ ቀን ተኩል ሠራና ተቆረጠ። ሌላ ሠራሁ። የቀርከሃ ጉቶ ሲመታ እሱም ተቆረጠ። ሌላ። ሾፌሩ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጣ ቀልደኛ ሰው ነው፤ ቁራጩን ጠረጴዛዬ ላይ ያኖርና፣ "አብሽሪ እህቴ፣ የዛሬው እንኳ እስከ ምሳ ዘልቋል" ይለኛል። እኔ አልስቅም። ፒን ለመሥራት ጄነሬተሩ መነሣት አለበት፤ ጄነሬተሩ እንዲነሣ ነዳጅ መፈቀድ አለበት፤ ነዳጁ እንዲፈቀድ ኃላፊው መገኘት አለበት፤ ኃላፊው ደግሞ ሁልጊዜ ስብሰባ ነው። ለአንዲት አውራ ጣት ለምታህል ብረት ግማሽ ቀን ደጅ ጠንቼ፣ በቀረው ግማሽ ቀን ቆሜ ስሠራ፣ ማታ እግሬ ከጫማ ውስጥ አልወጣ ይላል። በመሃል የምላጩ ከንፈር ተበልቶ አለቀ፤ እሱንም ከተጣለ የጭነት መኪና ባሌስትራ፣ ጭነቱን ከሚሸከመው ጠንካራ የብረት ሞላ፣ በሰጌቶ መጋዝ ቆርጬ፣ በትራፓኖ በስቼ፣ በቡሎን አሰርኩላት። ሰጌቶ ባሌስትራ ላይ ምን እንደሚሆን የሞከረው ያውቀዋል። ትከሻዬ እስከ ዛሬ ዝናብ ሊመጣ ሲል የሚነግረኝ ከዚያ ወዲህ ነው።

ያኔ ግምገማ የሚባል ነገር ነበር። ሠራተኛው ሁሉ ይሰበሰባል፤ አንዱ ይነሣል፣ ሌላው ይናገርበታል፣ ያ ደግሞ "ድክመቴን ተቀብያለሁ" ይላል። የእኔ ተራ ደረሰ። ኃላፊው ወጣት ነው፤ ከመምህርነት በቅርቡ የተሾመ፣ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱንም ከላይ ይገመግሙታል። የተቆረጡ ፒኖቼን በካርቶን አስመጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፋቸው። "እነዚህ ምንድን ናቸው?" አለ። ሰው ሳቀ። አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ በቀን ሦስቴ አብራኝ ቡና የምትጠጣ፣ ተነሥታ "እህታችን የሥራ ተነሣሽነት ይጎድላታል" አለች። በፈጣሪ! ተነሣሽነት! ከንጋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ቆሜ የምውል ሰው የት ልነሣ? ግን ተነሥቼ "ድክመቴን ተቀብያለሁ" አልኩ። ተቀምጬም ጥርሴን ነከስኩ። የማይሰበር ፒን እሠራላችኋለሁ፣ አልኩ በሆዴ።

ጋራዡ ጓሮ የወደቀ የጭነት መኪና ነበር። የኋላ ጎማውን የሚያዞረውን ወፍራም ዘንግ አወጣሁ፤ ከዚያ በላይ ጠንካራ ብረት አሶሳ ውስጥ አልነበረም። ቶርኖው ላይ ሳስረው ቢላዋው ይጮኻል። ሁለት ፒን ለማውጣት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ በከሰል አግዬ፣ እንደ ፍም ሲቀላ በተቃጠለ ዘይት ነከርኳቸው። ሞረድ ስሞክርባቸው ሞረዱ ተንሸራተተ። ደስ አለኝ። እውነቱን ነው የምነግራችሁ፣ በአሶሳ ሦስት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ቀን ደስ ያለኝ ጊዜ የለም።

ሽማግሌው በየሁለት ቀኑ ወደ ጋራዡ ብቅ ይሉ ነበር። አማርኛን የተማሩት ካደጉ በኋላ ነው፤ ለወንድም ለሴትም "አንተ" ነው የሚሉት፤ እኔም ለምጄዋለሁ። "ሰላም አሌኩም፣ ያ ብንቲ" ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ፍየል ደህና አደረ?" ያን ቀን ፒኑን አሳየኋቸው። አነሡት፣ ሚዛኑን በመዳፋቸው ለኩት።

"ይሄ አይሰበርም?"

"አይሰበርም አባባ።"

"በጭራሽ?"

"በጭራሽ!"

ደስ ያላቸው አልመሰለኝም። "እኔ መቆፈሪያ አለኝ" አሉ። "ብረትና እጀታ መሃል ትንሽ እንጨት አለ። ደካማ ነው። እኔ አውቄ ደካማ እንጨት አደርጋለሁ። ድንጋይ ሲመታ እሱ ይሰበራል፣ ብረት ይተርፋል፣ እጅም ይተርፋል። እኔ ሌላ እንጨት አደርጋለሁ።" ፒኑን መለሱልኝ። "ይሄ እምቢ ካለ፣ ሌላ ነገር እሺ ይላል።"

"ኧረ አባባ፣ ይሄ እኮ መቆፈሪያ አይደለም፣ ትራክተር ነው!" ብዬ ሳቅሁ። እሳቸውም ለጨዋነት ያህል ፈገግ አሉና ሄዱ። አሁን ሳስበው ያ ሳቅ ነው የሚያሳፍረኝ።

ፍየሏ አንድ ሳምንት ሙሉ ሳትሰበር ሠራች። ኃላፊው ጋራዡ ድረስ መጥቶ እጄን ጨበጠኝ፤ "ግምገማ ሰውን ይለውጣል" አለኝ። ዋጥኩት። ሾፌሩ እንደታዘዘው መጀመሪያ በቢሮው ችግኝ ጣቢያ በኩል ያለውን ጠረገ። የመንግሥት ንብረት ይቅደም ተብሎ ነው። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ማንጎ ዞረ። በምዕራብ በኩል፣ ነፋሱ በሚመጣበት፣ ግማሽ ያህል እንደሄደ አንድ የቀርከሃ ጉቶ መታ።

ሾፌሩ በእግሩ ነው የመጣው። ያን ቀን አልቀለደም። ጆንያ ውስጥ የያዘውን ብረት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ፒኔ ነው፣ ድፍን፣ ጭረት እንኳ የሌለበት፤ ፒኑ ዙሪያ ደግሞ የተገነጠለ የፍየሏ አፍንጫ። አፍንጫዋ ጊዛ ከሚባለው፣ ተሰባሪ ከሆነው ብረት ነው የተሠራው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያ ቀጭን መስመር የቅባት መሄጃ አልነበረም። ፋብሪካው ፒኑን አውቆ ደካማ ያደረገው እሱ ተሰብሮ ሌላውን እንዲያተርፍ ነው። ፒን ቢሰበር ግማሽ ቀን ነው፤ አፍንጫ ከተሰበረ ትራክተር የለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የእኔው የሚለቀምም አልነበረም።

ፍየሏን በመኪና አስጎትተን ጋራዥ አስገባናት። ጊዛ በተራ ኤሌክትሮድ አይበየድም። አውቃለሁ፤ ያለኝ ግን ተራ ኤሌክትሮድ ነው። በየድኩት። ሲቀዘቅዝ ከብየዳው ጎን "ቋ" ብሎ ተሰነጠቀ። አሙቄ ደግሜ በየድኩ። "ቋ።" ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ምን ላድርግ። ከዚያ ተነሥቼ ከሁለቱም ጎን ወፍራም ላሜራ አልብሼ በቡሎን ላስር ብዬ መቁረጥ ጀመርኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌው መጡ። እንዳልተቀመጡ አየሁ፤ ሁልጊዜ የሚቀመጡበትን የዘይት ጣሳ ገልብጬ ሰጥቻቸው ነበር። "ሣሩ ደርቋል" አሉ። "ግን ጠዋት ጠዋት አሁንም ትንሽ ጤዛ አለ። ጎረቤቶቼ ሁሉ እሺ ብለዋል። ነገ ጠዋት በዚያ በቀረው በኩል እናቃጥላለን። ቢሮ ይቆጣ። ወይስ ፍየል ይድናል? አንተ ንገረኝ። አንተ ካልክ እኔ እጠብቃለሁ።"

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ሌላው ሁሉ ብረት ነው። "አላውቅም አባባ፣ ያቃጥሉ" ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል ነው። ግን ግምገማው ፊቴ ላይ መጣ፤ ካርቶኑ፣ ሳቁ፣ "ግምገማ ሰውን ይለውጣል"። እሳቸው አቃጠሉ ማለት ፍየሏ ሞተች ማለት ነው፣ ፍየሏ ሞተች ማለት እኔ ገደልኳት ማለት ነው። ደግሞም የምችል መሰለኝ። ሰው ሲደክመው የሚችል ይመስለዋል።

"ሁለት ቀን ይስጡኝ" አልኳቸው። "በሁለት ቀን በእግሯ አቆማታለሁ። አያቃጥሉ።"

"ሁለት ቀን?"

"ሁለት ቀን።"

ከአፍ የወጣ አፋፍ። አላህ ያግዝህ ብለውኝ ሄዱ።

በሁለተኛው ቀን፣ ከሰዓት በፊት፣ የመጨረሻውን ቡሎን ዳዶ እያጠበቅሁ ነበር። እውነት እላችኋለሁ፣ ላሜራው ይዞ ነበር። ዘበኛው ደጁ ላይ ቆሞ፣ "ይሄ ጭስ ቅርብ ነው" አለ። ወጥቼ አየሁ። በባምባሲ መንገድ በኩል፣ ጥቁርና ወፍራም፣ በነፋስ ወደ ከተማው የታጠፈ። ቺያቬውን፣ የቡሎን መፍቻዬን፣ እንደያዝኩ ሮጥኩ። ሾፌሩ በቢሮው መኪና መንገድ ላይ ደርሶ አሳፈረኝ።

ስንደርስ ጎረቤቶቹ ሁሉ እዚያ ነበሩ፣ በቅጠል እየመቱ። ቅጠል በጤዛ ሰዓት ነው የሚሠራው፤ በቀትር ነፋስ ምንም አይሠራም። እሳቱ ፍየሏ እስከጠረገችበት ድረስ መጣና ቆመ፤ ከዚያ ጎኑን ይዞ ሄዶ፣ ያልተጠረገውን ሲያገኝ ገባ። በዓይኔ ነው ያየሁት። የቢሮው ችግኝ ሙሉ በሙሉ ተረፈ፣ ቅጠሉ እንኳ አልጠወለገም። ማንጎዎቹ ያን ጊዜ አበባ ላይ ነበሩ። አበባው እንደ ወረቀት ብልጭ እያለ ጠፋ። ከዚያ ከሥር ያለው ደረቅ ቅጠል ተያያዘ፣ ከዚያ ቅርንጫፉ። እኔም ቅጠል ይዤ መታሁ፤ ምንም አላደረግሁም። ሽማግሌው አይመቱም ነበር። ርቀው ቆመው ያያሉ። ከትልልቆቹ ዛፎች ሦስት ብቻ ተረፉ።

የቢሮው ሰዎች የመጡት ከስንት ቀን በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ኃላፊው፣ አንድ ጸሐፊ፣ ሾፌሩና እኔ ነበርን። ጉዳዩ ቀላል ነው፤ ጥፋቱ የቢሮው ከሆነ ቢሮው የተቃጠለውን ዛፍ ሁሉ በተመረጠ ችግኝ ይተካል፣ እስኪጸድቅ ውሃ የሚያጠጣ ሠራተኛም ይመድባል። ባለቤቱ በራሱ ቸልተኝነት ዙሪያውን ሳያቃጥል ከቀረ ግን ምንም የለም። ክልከላውን ያወጣው ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ኃላፊው መኪና ውስጥ እንዲህ አለ፦ "አያቃጥሉ ብሎ የመከራቸው የእኛ ሠራተኛ ካለ ዛሬውኑ ይሰናበታል።" ማንን እንዳሰበ አላውቅም። እኔ ግን እናቴን አሰብኩ፤ ከእኔ ሌላ ጧሪ የላትም።

ሽማግሌው ከሦስቱ አንዱ ሥር ተቀምጠው ነበር። መሬቱ ገና ጥቁር ነው፤ ስንራመድ አመዱ ይነሣል። ጸሐፊው ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ኃላፊው በአክብሮት ነው የጠየቃቸው፤ "አባቴ፣ ጎረቤቶችዎ ለማቃጠል ተዘጋጅተው እንደነበር ሰምተናል። ለምን ቀሩ? ከቢሯችን ጠብቁ ያለዎት ሰው አለ?"

አዩኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

"ማንም አላለኝም" አሉ። "እኔ ሰነፍኩ። ሽማግሌ ነኝ፣ ተኛሁ።"

"እርግጠኛ ነዎት? ይሄ ከተጻፈ በኋላ…"

"ጻፍ" አሉ።

ጸሐፊው ጻፈ። በአውራ ጣታቸው አስፈረማቸው፤ ቀለም አላስፈለገውም፣ እጃቸው ጥላሸት ነበር። ኃላፊው ደስ አለው፣ ደግሞ አፈረ፣ ከዚያ "እንግዲህ አላህ ይተካ" ብሎ ወደ መኪናው ሄደ። አፌን ከፍቼ "እኔ ነኝ" ማለት ነበረብኝ። አልከፈትኩም። ሌሎቹ ራቅ ሲሉ ወደ እሳቸው ተመለስኩ።

"አባባ፣ ለምን?" አልኩ።

ቀና አላሉም። "ይቅር አላልኩም" አሉ። "አንተ ሁለት ቀን አልከኝ። እኔ አመንኩ። ይቅር አላልኩም። ግን አንተ ሰው አገር ነህ። ቢያባርሩህ ወዴት ትሄዳለህ? እኔ አገሬ ነኝ። እኔን ከዚህ ማን ያባርራል? ሂድ፣ ይጠብቁሃል።"

ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ። ሄጄ ከኋላ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ የኃላፊውን ማጅራት እያየሁ፣ አሁን እናገራለሁ፣ ድልድዩን ስናልፍ እናገራለሁ፣ ከተማ ሳንገባ እናገራለሁ እያልኩ ነበር። ጋራዡ በር ላይ አወረዱኝ። ኃላፊው በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ "ነገ በሰዓቱ ግቢ፣ ፍየሏን ለሌላ ወረዳ እንፈልጋታለን" አለኝ።

በማግስቱ በሰዓቱ ገባሁ።